የአርቸሪው ቤትና የጎረቤቱ ጎጆ

ሕዝቦች ሁሉ ከመካከላቸው የተነሡትን ታላላቅ ሰዎች ዝክር ለተከታዩ ትውልድ ለማቈየት ሲሹ፣ አንዳንዱ መቃብራቸውን ያከብራል፣ አንዳንዱ ምስላቸውን በነሐስ አስቀርጾ በአደባባይ ያቆማል፣ አንዳንዱም ትምህርት ቤትና ሆስፒታል በስማቸው ይሰይማል፤ አሜሪካውያን ደግሞ በዚህ ሁሉ ላይ የርእሰ ብሔሮቻቸውን የሕፃንነት ቤት እንደ ቅርስ የመጠበቅ ልማድ አላቸው። አይዘንሃወር ያደጉበት ቤት በካንሳስ አቢሊን፣ ሊንደን ጆንሰን ያደጉበት በቴክሳስ ጆንሰን ሲቲ፣ ሬገን በልጅነታቸው የኖሩበትም በኢሊኖይ ዲክሰን፣ እያንዳንዱ በየስፍራው ታድሶ፣ አልጋውና ማእዱ በቀድሞው ዘመን አኳኋን ተሰናድቶ፣ ለጐብኚ ሁሉ በሩ ተከፍቶ ይገኛል።

የዚህ ልማድ ምክንያት ከአገሪቱ የመንግሥት ሥርዐት ጋራ የተሳሰረ ነው። ሥልጣን በዘር ሐረግ በማይወረስበት አገር ሕዝቡ መሪው ከእርሱ ወገን የወጣ መሆኑን በዓይኑ አይቶ ሊያረጋግጥ ይወዳልና፣ ጠባቡ መኝታ ቤት፣ በእንጨት የሚነደው ምድጃና ከጓሮ የቆመው መጸዳጃ ለሚያያቸው ሁሉ አንድ ስብከት ይሰብካሉ፤ ከዚህ ከተናቀ ስፍራ ተነሥቶ እስከ ዋይት ሀውስ የደረሰ ሰው አለና አንተም ልጅህም ተስፋ አትቍረጡ ይላሉ። ስብከቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን እኩሌታ ነው። ሰው በቤቱ ግድግዳዎች መካከል ብቻ አያድግምና፤ በጎረቤቶቹ እጅ ያድጋል፣ በዘመኑ ሕግና ልማድ ይቀረጻል፣ በማን ድካም እየበላና እየለበሰ እንዳደገም አንድ ቀን ኅሊናው ይጠይቀዋል። ስለዚህ የመሪ የልጅነት ቤት ተጠብቆ ሲኖር፣ ከቤቱ ጋራ የጎረቤቱም ጎጆ፣ ከጎጆውም ጋራ በሁለቱ መካከል የነበረው በደል አብሮ ካልተጠበቀ በቀር ምስክርነቱ ሙሉ አይሆንም ብዬ አምናለሁ። ይህንንም ለማስረዳት የ39ኛውን ፕሬዚዳንት የጂሚ ካርተርን የልጅነት ቤት መመርመር ይጠቅማል።

ቤቱ የሚገኘው በጆርጂያ ክፍለ ግዛት፣ ሕዝቧ ከአንድ ሺህ ከማይሞላው ከፕሌንስ ከተማ ወደ ምዕራብ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው አርቸሪ በተባለች ስፍራ ነው። ጂሚ ካርተር በኦክቶበር 1 ቀን 1924 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር (በዚህ ሐተታ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው) በፕሌንስ ሐኪም ቤት ተወለዱ፤ በሐኪም ቤት ከተወለዱትም የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች የመጀመሪያው እሳቸው ናቸው። አባታቸው ጄምስ ኧርል ካርተር ገበሬና ነጋዴ፣ እናታቸው ወይዘሮ ሊሊያን ነርስ ነበሩ። ቤተሰቡ በ1928 ልጁ አራት ዓመት ሲሆነው ወደ አርቸሪ እርሻ ተዛወረ፤ ጂሚም በ1941 ለከፍተኛ ትምህርት ከቤት እስኪወጣ ድረስ ዕድገቱ ሁሉ በዚያው ነበረ። አርቸሪ ከተማ አልነበረችም፤ የባቡር ሐዲድና የአቧራ መንገድ የሚያልፉባት፣ ጥቂት ቤቶች በእርሻ መካከል የተበታተኑባት ስፍራ ነበረች። ከነዋሪዎቿም መካከል የካርተር ቤተሰብና የባቡር ሐዲዱ ተቈጣጣሪ ቤተሰብ ብቻ ነጮች ሲሆኑ፣ የቀሩት ሁሉ ጥቁሮች ነበሩ። ስለዚህ ልጁ ከዕለት ወደ ዕለት አብሯቸው የሚጫወት፣ ዓሣ የሚያጠምድ፣ በእርሻም የሚደክም ጓደኞቹ የጥቁር ገበሬዎች ልጆች ነበሩ።

ቤቱን ስንመለከት፣ በጊዜው በደቡቡ አገር መካከለኛ ኑሮ ያለው ገበሬ ይሠራው የነበረ፣ ከሳንቃ የታነጸ፣ ፊት ለፊቱ በረንዳ ያለው፣ ሌላ ጌጥ የሌለው ቤት ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ውሃ ከጕድጓድ እየተቀዳ ይመጣ ነበር፤ መብራቱ የላምባ ፋኖስ፣ ማብሰያው የእንጨት ምድጃ፣ መጸዳጃውም ከቤቱ ተለይቶ በጓሮ የቆመ ነበር። በ1935 አባትየው በነፋስ ኀይል የሚዞር የውሃ መሳቢያ አስተከሉና የቧንቧ ውሃ ወደ ቤት ገባ፤ ገላ መታጠቢያ ይሆን ዘንድም ቂጡ የተበሳሳ ባልዲ ከላይ ተንጠለጠለ። ይህም ሆኖ ከቤቱ አጠገብ አባትየው ያሠሩት የቴኒስ መጫወቻ ሜዳ ስለ ነበር፣ ቤተሰቡ በድኽነት ጥግ የኖረ ነው ማለት አይቻልም፤ በአካባቢው ሚዛን ባለጸጋ ነበረ። የኤሌክትሪክ ኀይል የደረሰው በ1938 ሲሆን፣ ይህም ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ኤሌክትሪክን ወደ ገጠር ለማዳረስ ባቋቋሙት የመንግሥት ፕሮግራም አማካይነት ነው።

ዛሬ ጐብኚ የሚያየው ቤት በ1937 እንደ ነበረ ሆኖ የታደሰ ነው፤ ይኸውም ኤሌክትሪክ ከመግባቱ አንድ ዓመት በፊት መሆኑ ነው። ይህን ዓመት መምረጥ ለጠጋኞች የተተወ የእጅ ሥራ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የታሪክ ፍርድ ነው። ቤት በዘመናት ውስጥ ብዙ መልክ አለውና፣ ከእነዚህ መልኮች አንዱን ለይቶ ለዘለዓለም እንዲቆም የሚያደርግ ሰው፣ ለትውልዱ ምን እንዲታወስ እንደሚሻ በዚያው ምርጫው ይናገራል። 1937 ዓለም አቀፉ የኢኮኖሚ ውድቀት ገና ያላለፈበት፣ በበቅሎ የሚታረስበት፣ ነጭና ጥቁር በአንድ እርሻ ላይ እየሠሩ በልዩ ልዩ ሕግ የሚተዳደሩበት ዘመን ነበረ። ቤቱን በዚያ ዓመት ማቆም እነዚህን ሁሉ አብሮ ማቆም ነው።

የእርሻው ዋና ሰብል ጥጥና ኦቾሎኒ ሲሆን፣ በቆሎና ሸንኮራ አገዳም ይዘራ ነበር። ልጁ ገና በስድስት ዓመቱ አካባቢ ኦቾሎኒ ከማሳው እየነቀለ፣ አጥቦና ቀቅሎ በከረጢት እያሰረ በፕሌንስ መንገዶች ይሸጥ ነበር። የሥራው ቀን የሚጀምረው ሊነጋ አንድ ሰዓት ያህል ሲቀረው፣ የእርሻው ታላቅ ደወል ሲደወል ነው፤ ደወሉን የሚደውሉትም በቅሎዎቹንና ግቢውን በኀላፊነት ይጠብቁ የነበሩት ጥቁሩ ገበሬ አቶ ጃክ ክላርክ ነበሩ። ደወሉ ሲሰማ ሰው ሁሉ ከየጎጆው ተነሥቶ ወደ በረቱ ይሄዳል፤ በቅሎዎቹ ተጠምደው፣ ማረሻውና መሣሪያው በጋሪ ተጭኖ፣ ጎሕ ሲቀድ ሠራተኛው በማሳው ላይ ይገኛል። ፕሬዚዳንት ካርተር በ2001 ያሳተሙትን የልጅነት ዝክራቸውን የሰየሙት በዚያች ከንጋት በፊት ባለች ሰዓት ነው። በዲሴምበር 29 ቀን 2024 በመቶ ዓመታቸው ዐርፈው የቀብር ሥርዐታቸው በጃንዋሪ 4 ቀን 2025 ሲጀመር፣ አስከሬናቸውን የያዘው ሰልፍ በአርቸሪ ቤት ፊት ለፊት ጥቂት ቆመ፤ ያን ጊዜ የብሔራዊ ፓርኮች መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ተሰልፈው እጅ እየነሡ የእርሻውን ደወል 39 ጊዜ ደወሉ። ጥቁሩ ገበሬ ለሥራ ይደውሉት የነበረው ደወል የርእሰ ብሔር የስንብት ደወል ሆነ ማለት ነው።

በግቢው ውስጥ ከመኖሪያው ቤት ይልቅ አስተዋይ ጐብኚን ሊያስቈመው የሚገባው የእርሻው ሱቅ ነው። አባትየው በዚህ ትንሽ ሱቅ ዱቄት፣ ጨው፣ ላምባ፣ ትምባሆና የሥራ ልብስ እየያዙ ለሠራተኞቻቸውና ለእኩል አራሾቻቸው ይሸጡ ነበር። በደቡቡ አገር በጠቅላላው የእኩል አራሽነት ሥርዐት ይካሄድ የነበረው እንዲህ ነው፦ ባለመሬቱ መሬት፣ በቅሎና ዘር ይሰጣል፤ አራሹ ጕልበቱንና የቤተሰቡን ጕልበት ያቀርባል፤ ከዘር እስከ መከር ባሉት ወራት ገንዘብ ስለማይኖረው የዕለት ፍጆታውን ከሱቅ በዱቤ ይወስዳል፤ ዱቤውም በመዝገብ ይጻፋል። መከር ሲደርስ ምርቱ ይካፈላል፤ ከአራሹም ድርሻ የመዝገቡ ዕዳ ተቀንሶ የቀረው ይሰጠዋል፤ ብዙ ጊዜም የሚቀር ነገር የለምና አራሹ ለሚመጣው ዓመት ከዕዳው ጋራ ወደ ዚያው ማሳ ይመለሳል። በ1930ዎቹ መጀመሪያ የጥጥ ዋጋ ለአንድ ፓውንድ ወደ አምስትና ስድስት ሳንቲም በወረደ ጊዜ፣ ጭንቁ በባለመሬቱም ላይ ደርሷል፤ ነገር ግን ባለመሬቱ ትርፉ ሲጐድልበት አራሹ ጕሮሮው ይደርቅ ነበር። ስለዚህ የዚያ ሱቅ መደርደሪያና መዝገብ የካርተር ቤተሰብ ምቾት ከየት እንደ መጣ፣ የጎረቤቶቻቸውም ድኽነት ስለ ምን እንዳልለቀቃቸው በአንድ ስፍራ የሚያሳዩ ናቸው።

ከመኖሪያው ቤት ጥቂት እልፍ ብሎ የአቶ ጃክና የባለቤታቸው የወይዘሮ ሬቸል ክላርክ ጎጆ ቆሟል። ጎጆዋ ትንሽ፣ ዕቃዋም ጥቂት ናት፤ ሆኖም ስለ ካርተር ባሕርይ የሚጠይቅ ሰው መልሱን ከፊሉን የሚያገኘው በዚህች ጎጆ ነው። ወላጆቹ ከቤት ሲርቁ ትንሹ ጂሚ የሚያድረው በክላርኮች ዘንድ ወለል ላይ በሚነጠፍለት ፍራሽ ነበር። ወይዘሮ ሬቸል ጥጥ በመልቀምና ኦቾሎኒ በመንቀል የሚተካከላቸው ያልነበረ ብርቱ ሠራተኛ ሲሆኑ፣ ልጁን ዓሣ ማጥመድን፣ የአዕዋፍንና የዕፀዋትን ስም፣ ከዚያም በላይ ሰው ለፍጥረት ያለበትን ኀላፊነት ያስተማሩት እሳቸው እንደ ነበሩ ፕሬዚዳንቱ እስከ እርጅናቸው ሲመሰክሩ ኖረዋል። አንድ ሕፃን ከወላጆቹ ቀጥሎ አክብሮ የሚሰማት እናት፣ በአገሩ ልማድ ከእርሱ እናት ጋራ በአንድ ማእድ እንዳትቀመጥ የተከለከለች ስትሆን፣ በዚያ ልጅ ልቡና ውስጥ የሚፈጠረው ጥያቄ ዛሬ ባይነሣ ነገ መነሣቱ የማይቀር ነው።

የዘር ልዩነቱ ሥርዐት በወረቀት ከተጻፈው ሕግ ይልቅ በበርና በደጃፍ ይታወቅ ነበር። ጥቁር ሰው በነጭ ቤት የፊት በር አይገባም ነበርና። በአርቸሪ ግን ይህን ልማድ የሚያስጨንቅ አንድ ታላቅ ሰው ነበሩ፤ እርሳቸውም የአፍሪካ ሜቶዲስት ኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ የነበሩት ዊሊያም ዴከር ጆንሰን ናቸው። እኒህ ጳጳስ በአርቸሪ ለጥቁር ወጣቶች ትምህርት ቤት ያቋቋሙ፣ በብዙ አህጉረ ስብከት የተከበሩና ከአካባቢው ሰው ሁሉ ይልቅ ዓለምን ያዩ ሰው ነበሩ። አቶ ኧርልን ለመጐብኘት ሲመጡ በጓሮ በር መግባት ክብራቸውን የሚነካ፣ በፊት በር መግባትም ልማዱን የሚያፈርስ ስለ ነበር፣ መኪናቸውን በግቢው አቁመው ጥሩምባውን ያስነፉ ነበር፤ አቶ ኧርልም ወደ ውጭ ወጥተው ከዛፍ በታች ያነጋግሯቸዋል። ሁለት አዋቂ ሰዎች እርስ በርሳቸው የሚከባበሩ ሲሆኑ በአንድ ጣራ ሥር መቀመጥ ስላልቻሉ ዛፍን ጥላቸው አደረጉ። ጳጳሱ በ1936 ባረፉ ጊዜ ትንሹ ጂሚ በቀብራቸው የተሰበሰበውን ታላቅ ጉባኤ አይቶ፣ በመንደሩ ከሁሉ የከበረው ሰው ጥቁር እንደ ነበረ ተረዳ።

የአርቸሪን ዘመን ከሁሉ አብልጦ የሚገልጠው ግን ፕሬዚዳንቱ ራሳቸው የተረኩት የጁን 22 ቀን 1938 ሌሊት ነው። በዚያ ሌሊት ጥቁሩ አሜሪካዊ ጆ ሉዊስና ጀርመናዊው ማክስ ሽመሊንግ ለዓለም የቡጢ ሻምፒዮናነት ይጋጠሙ ነበር። ጥቁሮቹ ጎረቤቶች ሬዲዮ ስላልነበራቸው የግጥሚያውን ወሬ መስማት እንዲፈቀድላቸው አቶ ኧርልን ለመኑ፤ እሳቸውም ሬዲዮውን በመስኮት አጠገብ አስቀመጡላቸውና ጎረቤቶቹ በውጭ ከዛፍ በታች ተሰብስበው አዳመጡ። ጆ ሉዊስ በመጀመሪያው ዙር ተጋጣሚውን ዘርሮ ግጥሚያው በተፈጸመ ጊዜ፣ ከዛፉ በታች ድምፅ አልተሰማም፤ ጎረቤቶቹ አቶ ኧርልን በትሕትና አመስግነው፣ መንገዱንና የባቡሩን ሐዲድ ተሻግረው፣ ከአንዱ ቤት ገብተው በሩን ከዘጉ በኋላ ግን የእልልታቸው ድምፅ ሌሊቱን ሙሉ ተሰማ። በገዛ ወገኑ ድል በሰው ፊት ደስ ሊለው ያልተፈቀደለት ሰው፣ ሐዲድ ተሻግሮ የሚደሰት ሰው፣ በምን ዐይነት አገዛዝ ሥር እንዳለ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልገውም። ያንን እልልታ የሰማው የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅም የሁለቱን ዓለም ስፋት በአንድ ሌሊት ለካ።

ልጅነት ራሱ የተፈጸመበት ቀን ደግሞ ሌላ ነው። ጂሚ ወደ ዐሥራ አራት ዓመቱ ገደማ ከሁለት ጥቁር ጓደኞቹ ጋራ ከማሳ ሲመለሱ ወደ ግጦሹ መዝጊያ በደረሱ ጊዜ፣ እስከዚያ ቀን ድረስ በእኩልነት ይጋፉት የነበሩት ጓደኞቹ በሩን ከፍተው እርሱ አስቀድሞ እንዲያልፍ ወደ ኋላ አሉለት። ማንም አዋጅ አልነገራቸውም፤ ምናልባት ወላጆቻቸው መክረዋቸው ይሆናል፣ ምናልባትም ዕድሜያቸው የዓለሙን ሥርዐት አስተምሯቸው ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ግን ጓደኝነቱ የቀድሞው ጓደኝነት አልሆነም። ከዚያ በፊትም ቢሆን ወደ አሜሪከስ ከተማ ሲኒማ ለማየት በባቡር ሲሄዱ፣ በአርቸሪ አብረው የተሳፈሩት ልጆች በየቀለማቸው ወደ ተለያየው ሠረገላ ይገቡ ነበር፤ ሲመለሱም ከሐዲዱ ወርደው እንደገና አብረው ይጫወቱ ነበር። ሕፃናቱ ይህን ነገር አልጠየቁም፤ የተወለዱበት ሥርዐት ተፈጥሮ ይመስላቸው ነበርና።

ወላጆቹም አንድ ሐሳብ አልነበራቸውም። አቶ ኧርል የዘመናቸውን የልዩነት ሥርዐት እንደ ሕግ የተቀበሉ ሰው ነበሩ፤ ሆኖም በ1953 በሞት አልጋ ላይ ሳሉ፣ ለጥቁርም ለነጭም በስውር ያደረጉት ቸርነት ሊሰናበታቸው ከመጣው ሰው አፍ እየተሰማ ልጃቸውን እጅግ አስደነቀ። ወይዘሮ ሊሊያን ግን በነርስነታቸው ወደ ጥቁሮች ቤት እየገቡ የሚያዋልዱና የሚያስታምሙ፣ ጥቁርን እንግዳ በፊት በር የሚቀበሉ፣ በመንደሩም ሐሜት ግድ የሌላቸው ነበሩ፤ እስከ እርጅናቸውም ይህ መንፈስ ሳይለያቸው በ68 ዓመታቸው በሰላም ጓድ ተመዝግበው በህንድ አገር ድውያንን አገልግለዋል። እንግዲህ በአንድ ጣራ ሥር ሁለት ሕግጋት ይነበቡ ነበር፤ ልጁም ከሁለቱ አንዱን ለመምረጥ ብዙ ዓመት ፈጀበት።

ይህን ብዙ ዓመት መጥቀስ እውነትን መጠበቅ ነው። ቤት ሰውን እንደ ማኅተም አትሞ አያወጣም። ከዚያው ከደቡብ አገር፣ በተመሳሳይ ቤት፣ በተመሳሳይ ሞግዚት እጅ ያደጉ ብዙ ሰዎች የልዩነቱን ሥርዐት እስከ መጨረሻው ሲከላከሉ ኖረዋል። ካርተር ራሳቸው በ1950ዎቹ የነጮች የበላይነት ማኅበር አባል ለመሆን እምቢ ብለው የንግድ አድማ ሲደርስባቸው የታገሡ ሰው ቢሆኑም፣ በዚያው ዘመን የአውራጃው ትምህርት ቤቶች ነጭና ጥቁር ተለያይተው ሲቀጥሉ የትምህርት ቦርድ አባል ነበሩ፤ በ1970 ለአገረ ገዥነት ሲወዳደሩም የልዩነት ደጋፊዎችን ድምፅ ለማግኘት ጥረዋል። በጃንዋሪ 1971 አገረ ገዥ ሆነው ቃለ መሐላ በፈጸሙበት ቀን ግን የዘር ልዩነት ዘመን እንዳበቃ በግልጥ ተናገሩ፤ በ1974ም የማርቲን ሉተር ኪንግን ሥዕል በክፍለ ግዛቲቱ ምክር ቤት ሕንጻ አሰቀሉ። ስለዚህ አርቸሪ ለካርተር መልሱን አልሰጣቸውም፤ ጥያቄውን ነው የሰጣቸው። የልጅነት ቤት ትልቁ ጥቅምም ይህ ነው፤ አንድ ሰው ምን ይዞ እንደ ተነሣ ብቻ ሳይሆን ምን ጥሎ መሄድ እንደ ነበረበት ያሳየናል።

አሁን የአርቸሪን ቤት ከሌሎች የፕሬዚዳንቶች መካናት ጋራ ብናስተያየው ልዩነቱ ይበልጥ ይገለጣል። አብርሃም ሊንከን በ1809 በተወለዱበት በኬንታኪ ክፍለ ግዛት በሆጅንቪል አጠገብ፣ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት በ1909 የመሠረት ድንጋዩን ያኖሩት፣ ፕሬዚዳንት ታፍትም በ1911 የመረቁት፣ የግሪክን ቤተ መቅደስ የመሰለ ሕንጻ አለ፤ ወደ እርሱም የሚያወጡት ደረጃዎች በሊንከን ዕድሜ ቍጥር 56 ናቸው። በውስጡ የእንጨት ጎጆ ተቀምጧል፤ ብዙ ትውልድ የሊንከን ልደት ጎጆ ነው ብሎ ሲሳለመው ኖሯል። ነገር ግን በ2004 ሊቃውንት የግንዶቹን የዕድሜ ቀለበት ቈጥረው ዛፎቹ የተቈረጡት በ1848 አካባቢ መሆኑን አረጋገጡ፤ ይኸውም ሊንከን የአርባ ዓመት ሰው ሊሆኑ ሲቃረቡ መሆኑ ነው። ይህ ሁሉ የሆነው በክፋት አይደለም፤ ሕዝቡ ለአዳኙ መሪ የነበረው ፍቅር እውነትን እስኪጠብቅ ድረስ መታገሥ ስላልቻለ ነው። ሊንከን ከ1816 እስከ 1830 ባደጉበት በኢንዲያና ግን ሌላ ጥበብ ይታያል፤ ቤቱ ፈርሶ ስለ ጠፋ ሐሰተኛ ቤት ሠርተው በስፍራው አላቆሙም፤ የመሠረቱን ግንዶችና የምድጃውን ድንጋይ አምሳል በነሐስ ቀርጸው፣ ቤቱ በዚህ ነበረ፣ ዛሬ ግን የለም ብለው በትሕትና አመለከቱ።

ጆን ኬኔዲ በ1917 የተወለዱበት በማሳቹሴትስ ብሩክላይን ያለው ቤት ደግሞ የእናት ልብ የሠራው ነው። ኬኔዲ ከተገደሉ በኋላ ቤተሰቡ ቤቱን በ1966 መልሶ ሲገዛው፣ እናታቸው ወይዘሮ ሮዝ ኬኔዲ በ1917 እንደ ነበረ በትዝታቸው መሠረት አሰናዱት፤ በ1969ም ለመንግሥት ተሰጠ፤ በድምፅ ማስቀመጫ የተቀረጸው ቃላቸውም ጐብኚን እያንዳንዱን ክፍል ሲያስጐበኝ ኖሯል። ልጇን ያጣች እናት የልጇን አልጋ ስታነጥፍ ማንም ሊነቅፋት አይገባም፤ ሆኖም እናት የምታስታውሰው የሚወደደውን ነውና፣ እንዲህ ያለው ቤት የፍቅር መታሰቢያ እንጂ የዘመን ችሎት ሊሆን አይችልም። ውድሮ ዊልሰን በወጣትነታቸው የኖሩበት በደቡብ ካሮላይና ኮሎምቢያ የሚገኘው ቤት ግን ሌላ መንገድ ተከትሏል፤ ታድሶ በ2014 እንደገና ሲከፈት፣ የአንድ ልጅ ታሪክ መሆኑ ቀርቶ ከእርስ በርሱ ጦርነት በኋላ ነፃ የወጡት ጥቁሮች ስለ ሙሉ ዜግነት የታገሉበትን ዘመን የሚያስተምር ቤተ መዘክር ሆኗል። ቤቱ ከባለቤቱ ስም ይልቅ ለዘመኑ ታማኝ እንዲሆን ተደርጓልና ይህ ትልቅ ድፍረት ነው።

አርቸሪ ከእነዚህ የተለየው ዋናው ምስክር ካርተር ራሳቸው በሕይወት ሳሉ ስለ ተሠራ ነው። አባትየው እርሻውን በ1949 ሸጠውት ነበር፤ ኮንግሬስ የጂሚ ካርተርን ብሔራዊ ታሪካዊ ስፍራ በ1987 በሕግ ካቋቋመ በኋላ፣ የፓርኮች መሥሪያ ቤት የእርሻውን ግቢ በ1994 ገዝቶ፣ አድሶ፣ በ2000 ለሕዝብ ከፈተው፤ ካርተር የተማሩበት የፕሌንስ ትምህርት ቤትና የ1976 ምርጫ ዘመቻቸው ዋና ጽሕፈት ቤት የነበረው የባቡር ጣቢያም የዚሁ ቅርስ ክፍሎች ናቸው። ፕሬዚዳንቱ በትውልድ መንደራቸው ይኖሩ ስለ ነበር ዕቃው በየት እንደ ነበረ፣ በሩ ወዴት እንደሚከፈት ራሳቸው አስረድተዋል። ይሁን እንጂ ምስክሩ ስለ በቅሎውና ስለ ኦቾሎኒው ብቻ ተናግረው ቢያበቁ ኖሮ፣ አርቸሪ እንደ ሌሎቹ ደስ የሚል የገጠር ትዝታ ሆኖ በቀረ ነበር። እሳቸው ግን ስለ መዝጊያው፣ ስለ ሬዲዮው፣ ስለ ጳጳሱና ስለ ወይዘሮ ሬቸል የቤተሰባቸውን ድርሻ ሳይሸሽጉ መሰከሩ፤ ስለዚህም የክላርኮች ጎጆ በግቢው ውስጥ ለጌጥ የቆመ ትርፍ ቤት ሳይሆን የታሪኩ እኩሌታ ሆነ።

በዚህ ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ ችላ ማለት አይገባም። በመንግሥት ገንዘብ ታድሶ፣ ሣሩ ታጭዶ፣ ግድግዳው ተቀብቶ የሚታይ እርሻ ድኽነትንና ግፍን ሊያሳምር ይችላል፤ የላምባ ፋኖስ ሽታ፣ የጥጥ እሾህ ያደማው ጣት፣ በሱቁ መዝገብ ላይ የሚያድረው ሥጋት በጐብኚ ዓይን አይታዩምና። ይህ እውነት ነው፤ መድኀኒቱ ግን ቤቱን መዝጋት ሳይሆን ትረካውን አለማለስለስ ነው። የሱቁ ጐብኚ መዝገቡ እንዴት ይሠራ እንደ ነበረ ካልተነገረው ጣሳና ከረጢት ብቻ አይቶ ይመለሳል፤ ከተነገረው ግን ሥርዐቱን አይቶ ይመለሳል። ቅርስ ጠባቂ የሚባለው ሰው ከአናጢው ይልቅ ተራኪው ነው።

የዚህ እርሻ ፍሬ ወደ አገራችንም ደርሷል። ካርተር በ1989 የኢትዮጵያን መንግሥትና የኤርትራን ተዋጊዎች በአትላንታ ለማስታረቅ የደከሙት ድካም እንደ ታሰበው ባይሠምርም፣ በ1982 ያቋቋሙት የካርተር ማእከል ግን በጊኒ ዎርምና በዓይነ ማዝ ላይ ባደረገው ዘመቻ በኢትዮጵያ ብዙ ሠርቷል። በ1986 በዓለም ላይ ወደ 3 ሚሊዮን ተኩል የሚገመት ሰው ያሠቃይ የነበረው ጊኒ ዎርም ዛሬ በዓመት የሚይዛቸው ሰዎች በጣት የሚቈጠሩ ናቸው። በአማራ ክልል ማእከሉ ከጤና ሠራተኞች ጋራ ሆኖ ዓይነ ማዝን ለማጥፋት መድኀኒት ሲያድል፣ የገጠሩ ሕዝብም ፊቱን እንዲታጠብና መጸዳጃ ጕድጓድ እንዲቈፍር ሲያስተምር ቈይቷል። ርእሰ ብሔር የነበሩ ሰው ስለ መጸዳጃ ጕድጓድ ሳያፍሩ የሚሰብኩት፣ በጓሮ ከቆመው መጸዳጃና ከጕድጓድ ከሚቀዳው ውሃ ጋራ ያደጉ፣ በባዶ እግር ሲሄዱም የመንጠቆ ትል ሕመም ምን እንደ ሆነ በሰውነታቸው ያወቁ ስለ ሆኑ ነው። በ2002 የኖቤል የሰላም ሽልማት የተሰጣቸው ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ ስለ ሠሩት ሥራ ጭምር ሲሆን፣ ያ ሥራ ከዋይት ሀውስ ይልቅ ለአርቸሪ የቀረበ ነው።

እንግዲህ ማንኛውም ሕዝብ የመሪውን የልጅነት ቤት ለመጠበቅ ሲነሣ ሦስት ነገር ራሱን ሊጠይቅ ይገባዋል። በዚህ ቤት አጠገብ ማን ይኖር ነበር? ቤቱስ በማን ድካም ቆመ? ልጁ ካየው በደል የቱን ተወ፣ የቱንስ ተሸክሞ ሄደ? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሌለው ቤት ምንም ያህል ቢያምር ለትውልድ የሚያስተምረው ጥቂት ነው፤ መልስ ያለው ቤት ግን ምንም ያህል ቢጠብ ለአገር ትምህርት ቤት ይሆናል። መሪው ከየት እንደ ተነሣ ብቻ ሳይሆን በማን ትከሻ ላይ እንደ ተነሣ የሚያውቅ ዜጋ፣ ነገ በፊቱ ለሚቆመው ተመራጭ የሚያቀርበው ጥያቄ አያጣም፤ የቀድሞዎቹን መሪዎች ቤት ማደስም ዋጋ የሚኖረው እንዲህ ያለ ዜጋ ሲያፈራ ነው።